ሁለት ጣት ትርፍ

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ ወር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው የሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ በዚያች ደቂቃ አዳማ፣ ፋብሪካው በር ላይ ለፍተሻ ተሰልፌ እገኝ ስለነበር ነው። በዚያ ቅዳሜ ግን ዓለም ጤና፣ አያቴ ቤት በር ላይ ነጠላዬን እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ ቆሜ ነበር። የቆላ ብርድ ሰው አያምነውም እንጂ በታኅሣሥ ጠዋት ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ መስኖው ቦይ ዳር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። በግራ እጃቸው ቀስታቸውን ይዘዋል። ከፊታቸው ሃያ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ከርከሮ በፊት ጉልበቶቹ ተንበርክኮ የስኳር ድንቹን መደብ ይቆፍራል። ከስኳር ድንቹ ቀጥሎ ሽንኩርቱ ነው። አባባ ፍላጻ አገቡ፣ ሳቡ፣ ለቀቁ። ፍላጻው ጭራውን እያወዛወዘ ሄደና ከከርከሮው አራት እርምጃ ቀደም ብሎ አፈር ላይ ተሰካ። ከርከሮው ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ መቆፈሩን ቀጠለ። ሁለተኛውም እዚያው አጠገብ ወደቀ። ሦስተኛው ሲወድቅ ከርከሮው ተነሣና ጭራውን እንደ አንቴና አቁሞ፣ ቁርሱን እንደጨረሰ ሰው ሳይቸኩል ሄደ።

አባባ ሄደው ሦስቱን ፍላጻዎች ነቀሉ። ከዚያ ሰው አይቷቸው እንደሆነ ለማወቅ ዞር ዞር አሉ። እኔ ቶሎ ወደ ውስጥ ገብቼ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ማማሰል ጀመርኩ። ድስቱ ባዶ ነበር።

እኔ እንዳላየ ብሆንም ሌላ ሰው አይቷል። ከቦዩ ማዶ የሽንኩርት ችግኝ የምታጠጣው ጎረቤታችን ድምፅዋ እስከ ቤቱ ድረስ ይሰማል፤ በኦሮምኛ ደኅና አደሩ ብላ ትጀምራለች።

"አከም ቡልታኒ፣ አባ ቀስት! ከርከሮው በልቶ ሲሄድ እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላለዎትም?"

"ብሏል፤ አንቺ አልሰማሽም እንጂ" አሉ አባባ። "ነገ ደግሞ ከነቤተሰቡ ጋብዤዋለሁ።"

እየሳቁ ነበር የተናገሩት። ቤት ሲገቡ ግን ቀስቱን በሩ ጀርባ ሰቅለው ለረጅም ጊዜ ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው እያሹ ተቀመጡ። ትከሻው ከሁለት ዓመት በፊት የውኃ ፓምፑን ሞተር ከጋሪ ላይ ሲያወርዱ ወድቀው የተሰበረው ነው። ገጥሟል፤ ግን እንደ ድሮው ወደ ኋላ አይሄድም።

በዚያው ቀን አራት ሰዓት ላይ አጎቴ ከሞጆ መጣ። አጎቴ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ትራንዚተር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰነድና ኮንቴይነር ሲያሳድድ ስለሚውል ቤተሰብ ጋ ሲመጣም ፋይል እንደሚያስጨርስ ሰው ይቸኩላል።

"አባዬ፣ ዘንድሮ ይበቃዎታል" አለ ገና ሳይቀመጥ። "መሬቱን ከነሽንኩርቱ የሚይዝ ሰው አግኝቻለሁ። አዳማ እህቴ ጋ ክፍል ተዘጋጅቶልዎታል።"

"ሰውየው ከርከሮ ማባረር ይችላል?"

"ጠባቂ ይቀጥራል።"

"እኔስ ምን እየሠራሁ ነው?"

"እርስዎማ እየቀለቡት ነው ይባላል።"

አባባ ወደ ማዶ ተመለከቱ። "ወሬው ደግሞ በምን መኪና ሞጆ ደረሰ?"

እኔ ጥግ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። አዳማ መሄድ ለአባባ ምን ማለት እንደሆነ ከአጎቴ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ትከሻቸው የተሰበረ ጊዜ አንድ ወር እኛ ቤት ነበሩ። በየጠዋቱ ጫማቸውን አስረው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግቢ ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ። እናቴ "አባዬ፣ ኮቱን ያውልቁት እንጂ፣ ቤትዎ እኮ ነው" ስትላቸው "እሺ" ይላሉ። አያወልቁትም።

አባባ ተነሥተው ባዶ የሽንኩርት ጆንያ አመጡና አጎቴ እግር ሥር ጣሉት። "ይህን ሣር ሞልቼ ሃያ አምስት እርምጃ ላይ አቆመዋለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ና። አምስት ፍላጻ እወረውራለሁ። ሦስቱ ከገቡ ሽንኩርቱ እስኪነቀል ይህን ወሬ አታነሣብኝም። ካልገቡ ሻንጣዬን ራሴ ይዤ መኪናህ ላይ እወጣለሁ።"

"ዳኛውስ?"

"ይቺ" አሉ፤ ወደ እኔ እያመለከቱ።

"ይቺማ አፍ የላትም።"

"ዓይን አላት።"

አጎቴ ሳቀ። "እሺ፣ ኢንጂነሯ ትዳኘን።"

ስለ ቀስቱ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በዓለም ጤና ዙሪያ ቀስት ያለው ሰው አባባ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ማሳውን የሚጠብቀው በወንጭፍ፣ በጣሳ ጩኸትና በውሻ ነው። አባባ በወጣትነታቸው ታች ደቡብ ቆላ ውስጥ የመንገድ ቅየሳ ሥራ ላይ ነበሩ፤ የቀያሾቹን ሰንሰለት ይጎትቱ ነበር። እዚያ ካሉ አዳኞች ቀስት መሥራትና መወርወር ተማሩ። ይዘውት የመጡት ንብረት አንድ ቀስት፣ አንድ የቆዳ ኮሮጆና የወባ በሽታ ብቻ ነው ይሉ ነበር። በጫካው ውስጥ ያለችን ድኩላ ወይም ሰስ ግን ነክተው አያውቁም። "እሷ በቤቷ ነው ያለችው" ይላሉ። የሚወረውሩት ማሳ ውስጥ የገባን ከርከሮ ብቻ ነበር። እሱም ሲወድቅ ሥጋውን የሚበላ ሰው ስለሌለ የሰፈሩ ውሾች ሠርግ ይሆናል።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን የማሳልፈው እሳቸው ጋ ነበር። መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ አባባ በየዓመቱ አንድ ፍላጻ ይቆርጡልኛል። የደረቀ መቃ ይመርጡና ጭራውን ደረቴ አጥንት ላይ ያስደግፉታል። ሁለት እጆቼን መዳፍ ለመዳፍ ገጥሜ በመቃው ላይ ወደ ፊት እዘረጋለሁ። የጣቶቼ ጫፍ የደረሰበት ላይ በጥፍራቸው ይጭሩና ከዚያ ወዲያ የራሳቸውን ሁለት ጣት ጨምረው ይቆርጣሉ።

"ሁለቱ ጣት ለምንድነው?" ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ። አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ብሆን ነው።

"ለምታድጊው" አሉኝ።

ይህ ለእኔ ግልጽ ነበር። እናቴም ዩኒፎርም ስትገዛልኝ እጅጌው ጣቴን የሚሸፍን ትመርጣለች፤ "ታድጊበታለሽ" ትለኛለች። ስለዚህ ፍላጻም እንደ ዩኒፎርም ነው ብዬ ያዝኩ። አሮጌዎቹን ፍላጻዎች አባባ አይጥሏቸውም ነበር። በቀይ ክር አስረው ጣሪያው ሥር ይሰኳቸዋል፤ ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ፣ አሥራ ሁለት ፍላጻ፣ እንደ ደረጃ። ሌሎች ልጆች ቁመታቸው በር ላይ በከሰል ይሰመርላቸዋል። የእኔ እድገት በመቃ ተቆርጦ ተቀምጧል። አሁን እሳቸው የሉም፤ ያ እስር አዳማ በእኔ ክፍል ነው ያለው። ቀስቱም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ጅማቱን ፈትቼ ነው የሰቀልኩት፤ ተወጥሮ የሚያድር ቀስት ይሰንፋል ይሉ ነበር።

ስለ ፍላጻ በረራ የማውቀውን ሁሉ በእነዚያ ክረምቶች ነው የተማርኩት። ፍላጻ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጅማቱ ሲገፋው መቃው ይጎብጣል፤ የቀስቱን እንጨት እንደ ዓሣ ተጣጥፎ ያልፍና ከዚያ በኋላ ነው እየተረጋጋ የሚቀናው። ረጅም ፍላጻ አብዝቶ ይጎብጣል፤ ክብደትም ስላለው ቶሎ ወደ መሬት ያዘነብላል። ግን ይረጋጋል፣ ሲመታም ይከብዳል። አጭር ፍላጻ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ስህተትን ግን ይቅር አይልም። አባባ ይህን የሚያስረዱኝ በሁለት ሸምበቆ ነበር፤ አንዱን ረጅሙን፣ አንዱን አጭሩን ጫፉ ላይ ይዘው ያወዛውዛሉ። "አየሽ? ረጅሙ ይጨፍራል፣ አጭሩ ይደርቃል።" ለቁጥቋጦ ደግሞ ለብቻው ትንሽ አጠር ያለ ነበራቸው፤ ረጅሙ ቅርንጫፍ ነክቶ ከርከሮውን ያስደነግጣል።

አጎቴ በሄደ በሳምንቱ፣ ዓርብ ከሥራ ስወጣ፣ እንደገና ወደ ዓለም ጤና ተሳፈርኩ። ቅዳሜ ጠዋት አባባ ጆንያው ላይ ይለማመዱ ነበር። ስድስት ፍላጻ አላቸው። አምስቱ ከጆንያው በታች ወደቁ። ስድስተኛው ግን ቀጥ ብሎ ገባ። ቀርቤ አየሁት። ባለፈው ሳምንት ድንጋይ መትቶ ጫፉ የተሰበረውና ብረቱ ከስብራቱ በታች እንደገና የታሰረው ነበር። ከሌሎቹ በሦስት ጣት ያጥራል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ፍላጻዎቹ የተቆረጡት ለድሮው ትከሻ ነው። ትከሻው አሁን ያን ያህል አይስብም። ቀስቱ ሙሉ ኃይሉን ሳያገኝ ያን ሁሉ መቃና ብረት ግፋ ይባላል፤ ፍላጻው ግማሽ መንገድ ላይ ይደክመዋል። የተሳሳተው የአባባ ዓይን አይደለም፣ እጃቸውም አይደለም። ልኬቱ ነው።

ልኬት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ሰዎች "ኳሊቲ" ብለው ነው የሚጠሩኝ። ቀኑን ሙሉ በአንገቴ ሜትር አንጠልጥዬ እጅጌ እለካለሁ። ግማሽ ሴንቲ ካለፈ ቀይ ምልክት አደርግበታለሁ፣ ይመለሳል። ትርፍ ማለት ለእኔ ጉድለት ነው።

ለአባባ መንገር ነበረብኝ። ማታ ራት ላይ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ጨው ጠየቅሁ። "ትከሻዎ አጥሯልና ፍላጻዎን ላሳጥር" ብሎ ለአያት እንዴት ይነገራል? ስለዚህ አልነገርኩም።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቅዳሴ ከመሄዳቸው በፊት፣ አንዱን ፍላጻ በእስክሪብቶ በየአንድ ሴንቲው አሰመርኩት።

"ይህ ምንድነው?" አሉኝ።

"ፎቶ ላነሣዎት ነው፣ አባባ። ስበው ይያዙልኝ።"

ስበው ያዙ። ከጎን አነሣኋቸው። ቤት ገብቼ ፎቶውን አጉልቼ ቆጠርኩት፤ ከጭራው እስከ ቀስቱ እንጨት ድረስ ስልሳ ስምንት። ፍላጻው ግን ሰማንያ ሁለት ነበር። አሥራ አራት ሴንቲ ትርፍ! በእኔ መስመር ላይ ቢሆን ሙሉ ካርቶኑ ይመለሳል።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ በውድድሩ ዋዜማ፣ አባባ ከሰዓት በኋላ እድር ስብሰባ ሄዱ። እኔ የብረት መጋዝ ይዤ ጓሮ ተቀመጥኩ። አምስቱን ረጃጅሞች አንድ በአንድ ስልሳ ስምንት ላይ ቆረጥኩ። በመሃል የአባባን ሁለት ጣት አስታውሼ እጄ ቆመ። ግን ያ ለሚያድግ ሰው ነው አልኩ። አባባ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ናቸው፣ ወዴት ያድጋሉ? ብረቶቹን መልሼ አሰርኩ፣ መጋዙን ቦታው መለስኩ፣ የመቃውን ብናኝ ሳይቀር ጠራረግሁ። አምስቱም እኩል ሆነው ኮሮጆው ውስጥ ሲቆሙ፣ በእውነት፣ ኮራሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አጎቴ መጣ። ያን ጊዜ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ታኅሣሥም ቢሆን በእኩለ ቀን ፀሐዩ ልብስ ያስወልቃል። አባባ ጋቢያቸውን አጥር ላይ ጣሉ። ጎረቤታችን ከማዶ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

"ዋ፣ አባ ቀስት! ከሳቱ ጆንያው ይስቃል!"

"ጆንያው እንዳንቺ አይደለም፣ ጨዋ ነው!"

አባባ ኮሮጆውን ከፈቱ። እጃቸው ፍላጻዎቹ ላይ ሲያርፍ ለአፍታ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ያንን እኔ ያልነካሁትን፣ ጫፉ ተሰብሮ የተጠገነውን አወጡና ወረወሩ። ገባ፤ ከጆንያው መሃል።

"አንድ" አልኩ። ድምፄ ለእኔ ብቻ ነው የተሰማው።

"ዳኛ፣ ድምፅ!" አለ አጎቴ።

ሁለተኛው እኔ ከቆረጥኳቸው ነው። ፈጥኖ ሄደ፣ እንደ ባለፈው አልወደቀም፤ ግን የጆንያውን ግራ ጠርዝ ይዞ ነው የገባው። "ሁለት።" ሦስተኛው ከዚያም ግራ ሄዶ ጆንያውን ሳተው። በሆዴ ፍላጻው ለምን ግራ እንደሚሄድ ማሰላሰል ጀመርኩ። ሁለት ይቀራሉ፤ አንድ ከገባ ይበቃል።

አጎቴ ሰዓቱን አየ። ጎረቤታችን "ጃባዻ!" ብላ ጮኸች፤ በርቱ ማለቷ ነው። አባባ አራተኛውን አገቡ፣ እግራቸውን አደላደሉ፣ ሳቡ። አሳሳባቸው ፎቶ ሳነሣቸው በጠዋቱ ብርድ እንደሳቡት አልነበረም። ትከሻቸው ሞቋል፣ ልጃቸው ቆሞ ያያል፣ ሦስተኛው ስቷል። የፍላጻው ብረት የቀስቱን እንጨት አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁት። "አባባ!" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጅማቱ ተለቀቀ፤ ብረቱ እንጨቱን ከውስጥ በኩል መታ፤ መቃው ተሰነጠቀና ስንጣሪው በግራ እጃቸው አውራ ጣት ሥር ገባ።

ደሙ ብዙ ነበር። አጎቴ በመኪናው ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው፤ እኔ ኋላ ተቀምጬ እጃቸውን በነጠላዬ ይዤ ነበር። ነርሷ ስንጣሪውን አውጥታ አምስት ቦታ ሰፋቻቸው።

"ምን ሲሠሩ ነው፣ አባቴ?" አለቻቸው።

"ሽንኩርት ስከትፍ።"

"በቀስት ነው የሚከትፉት?" አለች፤ ከተማው ትንሽ ነው።

አጎቴ ግን አልሳቀም። ቤት እንደተመለስን የአባባን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አወጣ። "በቃ" አለ። "ዛሬ እዚህ አድራለሁ። ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ይህ እጅ ነገ ዓይን ቢሆንስ?" አባባ የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አጎቴ ሸሚዛቸውን ሲያጣጥፍ ያያሉ። ከዚያ በደኅናው እጃቸው ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱና ለበሱ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ያንን ኮት ሳይ ነው አፌ የተከፈተው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምኑ?"

"ፍላጻዎቹን ያሳጠርኳቸው። ትናንት። አባባ እድር ሲሄዱ። ስህተቱ የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ልኬት ነው።"

አጎቴ ሸሚዙን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። "አንቺ? ሰውየው በደም ታጥበው እስካሁን ዝም ያልሽው?"

"ፈርቼ ነው።"

"ማንን?"

"ሁላችሁንም።"

ድምፁን ከፍ ሊያደርግ ሲል አባባ ጣልቃ ገቡ። "ተዋት። አውቄ ነበር።"

ሁለታችንም ዞርን።

"ኮሮጆው ውስጥ እጄን እንዳስገባሁ አውቄአለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስቆርጥ የኖርኩትን ፍላጻ ሌላ ሰው ሲቆርጠው አይጠፋኝም። የማን ሥራ እንደሆነ ደግሞ አቆራረጡ ይናገራል፤ ሌላ ሰው ቢቆርጠው እንዲህ እኩል አይሆንም።"

"አውቀው ነው የሳቡት?" አለ አጎቴ።

"ታዲያ ልጄ የሠራችውን በአንተና በዚያች በማዶዋ ፊት አውጥቼ ላሳያት? አጠር አድርጌ ስቤ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሁለቱን እንደዚያ ሳብኩ። ሦስተኛው ሲስት ጊዜ ተናደድኩ፣ ረሳሁት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ነበር፤ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው ያንን ያየሁት። "ማሳጠርሽ ልክ ነው። እኔም ማሳጠር እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ለምን ሳትነግሪኝ? ሁለቱ ጣትስ የት ሄደ?"

"እሱ ለሚያድግ ሰው መስሎኝ..."

አባባ ለጥቂት ጊዜ አላዩኝም። ሲመለከቱኝ ቁጣው የለም። "ልጅ ስለነበርሽ ነው እንደዚያ ያልኩሽ። ሁለቱ ጣት ለማደግ ብቻ አይደለም። ሰው ጠዋትና ቀትር እኩል አይስብም። ብቻውን ሲሆንና ሰው ሲያየው እኩል አይስብም። ያኔ እጅን ከብረቱ የሚጠብቀው ያ ትርፍ እኮ ነው።"

አጎቴ ሸሚዙን ሻንጣው ላይ አስቀመጠና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "ያም ሆነ ይህ ሦስት አልገባም" አለ፤ ግን ድምፁ ቀዝቅዟል።

ቀጥሎ የተናገርኩትን እኔ መናገሬን እስከ ዛሬ እገረምበታለሁ። "ጋሼ፣ የተባለው አምስት ነው። ከቀስቱ የወጣው ሦስት ነው። ሁለቱ ገብተዋል። አራተኛው አልወጣም፣ እጃቸው ላይ ነው የቀረው። ስለዚህ ሁለት ውርወራ ይቀራል።"

"በዚህ እጅ?"

"እጃቸው እስኪድን ይጠበቃል።"

"እስኪድን ድረስ እኮ ሽንኩርቱ ይነቀላል!"

"እሱን ዳኛው አያውቅም" አልኩ።

አጎቴ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ አባቱን አየ፤ ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣ ጉልበታቸው ላይ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። "ይህቺን ልጅ ጉምሩክ አላስገባኋትም ብዬ ነው የምቆጨው" አለ። "እሺ። ፋይሉ አልተዘጋም። ሽንኩርቱ እስኪነቀል። ከዚያ በኋላ ግን፣ አባዬ..."

"ከዚያ በኋላ ያኔ" አሉ አባባ። ተነሥተው ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ መለሱት።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። አጎቴ ገና ሳይነጋ ወደ ሞጆ ሄደ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለአለቃዬ ደውዬ ዛሬ እንደማልገባ ተናገርኩ፤ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የመጀመሪያ ቀሪዬ ነው። ከዚያ ከጣሪያው ሥር ከደረቁት መቃዎች አንድ አወረድኩና ለአባባ አሳየኋቸው።

"ቀጭኑን ምረጪ" አሉኝ። "ሲያጥር ይደርቃል ብዬሽ አልነበር? ትናንት ግራ የሄዱት ለዚያ ነው። ለአጭር ፍላጻ ቀጭን መቃ ነው።"

ቀጭኑን መረጥኩ። አባባ በታሰረ እጃቸው ቀስት መያዝ ስለማይችሉ በግራቸው በኩል ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ቀስቱን እኔ ያዝኩላቸው። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ጅማቱን ከነመቃው ቀስ ብለው ሳቡ። በብርዱ ስልሳ ስምንት ሆነ። አልቆረጥኩም። ፀሐይ ወጥታ ትከሻቸው እስኪሞቅ ቦዩ ዳር ተቀምጠን ጠበቅን። ጎረቤታችን ከማዶ ጣሳ እየደበደበች ከርከሮውን በእኛ ፈንታ ታባርራለች፤ በየመሃሉም "ዛሬ ደግሞ እኔ አባ ጣሳ ነኝ!" ትላለች።

አራት ሰዓት ላይ እንደገና ያዝኩላቸው። ሦስት ጊዜ ሳቡ። ከሦስቱ ረጅሙ ሰባ ሁለት ነበር። በእስክሪብቶዬ ምልክት አደረግሁ።

"ሁለት ጣት" አሉ አባባ።

"የማንን ጣት?"

"የኔን ነው እንጂ። ያንቺማ ቀጭን ነው።"

እጃቸውን መቃው ላይ አደረጉ፤ ወፍራም፣ በሽንኩርት ልጣጭ ቀለም የወየቡ ሁለት ጣቶች። ከጣቶቻቸው ወዲያ ሁለተኛ ምልክት አደረግሁና መጋዙን አነሣሁ። ከምልክቱ ውጪ በኩል፣ መስመሩን ሳልነካ፣ ቆረጥኩ።